መሣሪያ ወይስ እጅ

አባየ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ከፈረስ ወድቆ ወገቡ የተሰበረ ሰሞን እኔን ማናገር ለማንም ፈተና ነበር። እንጅባራ ሐኪም ቤት ተኝቷል። ቀኝ እግሩ ይንቀሳቀሳል፤ ግራው ግን ድንዝዝ ብሏል። ለጥቂት ቀን የመጣ የአከርካሪ ሐኪም ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና፣ "ባሕር ዳር ወስጄ አጥንቱን በብሎን ላስረው" አለ። "ከተሳካ ግራውም ሊመለስ ይችላል። ብሎኗ ትንሽ ከመንገዷ ከወጣች ግን ነርቩን ትነካለች፤ ያኔ ቀኙም ሽባ ሆኖ ይቀራል።"

"በእጅዎ ነው የሚያስገቡት?" አልሁት። ዳንግላ አስተማሪ ነኝ፤ ኔትወርክ ባገኘሁ ቁጥር ስለዚሁ ሳነብ ሰንብቻለሁ። "ውጭ አገር ሮቦት አለ አይደል እንዴ!"

"አለ። መሣሪያው ብሎኗ የምትገባበትን እያሳየ እጅን ይመራል፤ ብዙም አይስትም። እኛ ጋ ግን የለም።"

አባየ "መሣሪያ" ሲባል ጆሮው ቆመ። እኛ ዘንድ መሣሪያ ማለት ጠመንጃ ነዋ! "ምን? ወገቤን በመሣሪያ ልትሉት ነው?"

ሐኪሙ ሳቀ። እኔ ምኑ ያስቀኛል? ጠመንጃ አይደለም፣ የሕክምና ነው ብዬ አስረዳሁት።

"የሆነው ይሁን" አለና ሐኪሙን አየው። "አንተ ልጄ፣ አንተስ ትስታለህ?"

ሐኪሙ ሳቁን ዋጠ። "አንድ ሰው ላይ ስቻለሁ፣ አባቴ።"

ደሜ ፈላ። ጎትቼ ላስወጣው ምንም አልቀረኝ። አባየ ግን፣ "በል አንተው ሥራኝ" አለው። "የሳተ ሰው ደግሞ ሲያነጣጥር ይጠነቀቃል።" ኧረ የኔ ጉድ! ወገብ እኮ ነው፣ ኢላማ አይደለም!

ባሕር ዳር፣ የኦፕራሲዮኑ ክፍል በር ላይ ቆሜ ያልተሳልሁለት ታቦት የለም። ፈራሁ፤ ፈጣሪንም ተቆጣሁት። ሐኪሙ አዲሱን ራጅ ይዞ ወጣ። "ሁሉም ልክ ቦታው ላይ ገብቷል። ሮቦትም ከዚህ የተሻለ አያስገባም" አለኝ። እጁን ይዤ ሳምሁት።

አባየ ሲነቃ ሐኪሙ ብርድ ልብሱን ከእግሩ ላይ ገለጠና፣ "ቀኝዎን ያንቀሳቅሱ" አለው። አንቀሳቀሰ! እልል ልል አፌን ከፈትሁ።

"አሁን ደግሞ ግራዎን።"

ጠበቅን። እግሩ እንደተዘረጋ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ጠየቀው፤ እኔም ጎንበስ ብዬ ጣቶቹን አየሁ፤ አንዱም ንቅንቅ አላለም።

አባየ በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያውን እያየ ፈገግ ብሏል።

"ምን ዝም ትላላችሁ? ይኸው እያንቀሳቀስሁት አይደል!"