የእጃጂው ስም ጥሪ

ከአምቦ የተነሣሁት በሐምሌ አጋማሽ፣ ዝናቡ ሲጥል አድሮ ጠዋት ላይ ጋብ ባለበት ሰዓት ነው። የምሄደው እጃጂ ከተማ አጠገብ በተሠራው መጠለያ ያሉትን፣ በድርቁ ምክንያት ከወሎ የመጡ ሰዎች ለመመዝገብ ነበር። ከዚህ በፊት የተመዘገቡት ከመኪና እንደወረዱ በጥድፊያ ስለነበር አንዱ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ ሌላው ጭራሽ አልተጻፈም። እህሉም ለአንዱ ሲደረብ ሌላውን እየዘለለው ሰንብቷል። ስለዚህ ምዝገባው እንደገና በየቤተሰቡ እንዲደረግ፣ ለእያንዳንዱ አባወራም ካርድ እንዲሰጥ ተወሰነ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ጸሐፊዎች ከመምህራን ተመረጡ፤ ከተመረጡት አንዷ እኔ ነኝ።

ርዕሰ መምህራችን ስሜን ያስገቡት አስበውልኝ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። "ከቤት ወጣ ቢሉ ይሻልዎታል" አሉኝ። ይሻለኝ እንደሆነ አላውቅም ነበር። እምቢ ለማለትም እሺ ለማለትም ጉልበት አጥቼ ዝም ስል፣ ዝምታዬ እሺ ተብሎ ተጻፈ።

እስከ ጌዶ

የተሳፈርንባት የመንግሥት ላንድሮቨር ናት። አብረውኝ የሚመዘግቡት ኦቦ ዲንሳ የግብርና ሠራተኛ ናቸው፤ ጠና ያሉ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው። ጉደር ስንደርስ ወንዙ ሞልቶ የደፈረሰ ውሃውን ከድልድዩ ሥር ያንደረድረዋል። ከመንገድ ዳር የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ገዛን፤ ሁለቱ በአሥር ሳንቲም። ኦቦ ዲንሳ የራሳቸውን ጨርሰው የእኔን አዩ።

"አዴ ብርቄ፣ ይበሉታል ወይስ ሊመዘግቡት ነው?" አሉኝ።

ግማሹን ሰጠኋቸው። ከጉደር በኋላ ዳገቱ ይጀምራል። ጌዶ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ጉሙ መንገዱን ሸፈነው፤ መኪናችንም ጭቃ ውስጥ ገብታ ቆመች። ከማሳቸው ሦስት ገበሬዎች መጡልን። "አካም ቡልተኒ"፣ እንዴት አደራችሁ፣ ተባባልንና ገፍተው አወጡን። አንደኛው እጁን በሣር እየጠረገ፣ ከወንበሩ ላይ የተከመረውን ወረቀት በመስኮት ተመለከተ።

"ሰው ልትጽፉ ነው?"

"አዎ፣ መጠለያ ያሉትን" አሉ ኦቦ ዲንሳ።

"ለመጨመር ነው ለመቀነስ?"

"ለማስተካከል ነው።"

ገበሬው ራሱን ነቀነቀ። "እንግዲህ ማስተካከል ማለት ከሁለቱ አንዱ ነው" ብሎ ወደ ማሳው ተመለሰ። መኪናዋ ስትነሣ ኦቦ ዲንሳ ሊስቁ ብለው ተዉት። እኔም ለየትኛው እንደምሄድ በትክክል አላውቅም ነበር።

እጃጂ

ከጌዶ ቁልቁል ሲወረድ ብርዱ ይለቃል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎው ሰው ቁመት ደርሷል። ያደርነው በከተማው ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ፣ ዴስክ ገጥመን ነው። በማግስቱ በጠዋት ወደ መጠለያው ሄድን። ከተማውን ለቆ በሚገኘው ሜዳ ላይ የሸራ ድንኳኖች በረድፍ በረድፍ ቆመዋል፤ በመካከላቸው ሴቶቹ ውሃ መውረጃ ቦይ ቆፍረዋል። ከወዲያ ጫፍ የእህሉ መጋዘን አለ። የመጋዘኑ ኃላፊ ወጣት ነው፤ ሲናገር ቁጡ ይመስላል እንጂ ክፉ አይደለም።

"የእህሉ መኪና ነገ ይደርሳል" አለን። "ካርዱ ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ራሱ መጥቶ ይፈርማል፣ ይወስዳል። ለሌላ ሰው አልሰጥም። እስካሁን በሌላ ሰው ስም እየተወሰደ ነው የተበላሸው። የቀረ ሰው የሚቀጥለውን ወር ይጠብቅ።"

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ረድፎች ድንኳን በድንኳን እየገባን ጻፍን። ሦስተኛው ረድፍ ስንደርስ ግን ድንኳኖቹ ባዶ ናቸው። እሳቱ ጠፍቷል፣ ዕቃው አለ፣ ሰው የለም። ኦቦ ዲንሳ በሸራው ላይ በጠመኔ ምልክት ሊያደርጉ እጃቸውን አንሥተው ሳለ የልቅሶ ድምፅ ሰማን። ሌሊት አንዲት አሮጊት ሞታ የዚያ ረድፍ ሰው በሙሉ ለቅሶ ቤት ነበር። ወንዶቹ መቃብር ሊቆፍሩ ሄደዋል፤ ሴቶቹ ከድንኳኑ ፊት ለፊት በእርጥቡ ሣር ላይ ተቀምጠዋል።

ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ ለቅሶ ቤት ደርሼ አላውቅም። እግሬ ቆመ። ኦቦ ዲንሳ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡና ተቀመጡ፤ እኔም ተከትዬ ተቀመጥኩ። እንደ ደንቡ ዝም ብለን ከቆየን በኋላ አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ለምን እንደመጣን ጠየቁን። አያ ሙሄ ይባላሉ፤ የቅሬው ዳኛ ናቸው። እኛ እድር የምንለውን እነሱ ቅሬ ይሉታል፤ አገራቸውን ለቀው ሲወጡ እሱን አልተዉትም፤ መጠለያ ውስጥም ያው ቅሬ ነው።

ነገሩን ስናስረዳቸው አያ ሙሄ "ታዲያ ምን ቸገራችሁ" አሉ። "ለቅሶ ላይ ስም መጥራት ያለ ነው። ማን መጣ፣ ማን ቀረ ሳይባል አይበተንም። እኔ ልጥራ፣ እናንተ ጻፉ።"

ለቅሶ ላይ ቅጽ መሙላት ነውር እንዳይሆን ፈርቼ ኦቦ ዲንሳን አየኋቸው፤ እሳቸው እስክሪብቶ አውጥተዋል። አያ ሙሄ ከቃላቸው ጠሩ። ወንዶቹ መቃብር ላይ ስለነበሩ አብዛኛውን አቤት ያሉት ሚስቶቻቸው ናቸው። "አህመድ እንድሪስ" ሲባል አንዲት ቀጭን ሴት "አቤት" አለች። ጻፍነው። ጥሪው ፈጣን ስለነበር የዕድሜውን ቦታ ለከሰዓት በኋላ ባዶ ተውነው። ረድፉ በአንድ ጊዜ ስላለቀልን ደስ ብሎን ነበር።

ከሰዓት በኋላ

ዕድሜ ልሞላ ወደ ቀጭኗ ሴት ድንኳን ሄድኩ። ስሟ ከድጃ ይመር ነው። ሦስት ልጆቿ ከጎኗ በቆሎ ይፈለፍላሉ።

"አህመድ ዕድሜው ስንት ነው?" አልኳት።

"ሲሞት ነው ወይስ ቢኖር?" አለችኝ።

ቅጹን ገልጬ የጠዋቱን ጽሑፍ አየሁ። "ጠዋት አቤት ብለሽ አልነበር?"

"ታዲያ ስሙ ሲጠራ ዝም ልበል እትየ?"

የአህመድ ነገር እንዲህ ነው። እዚህ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ባረፉበት መጠለያ ታሞ ከቤተሰቡ ለይተው ወሰዱት፤ ከዚያ ሞቱን ነገሯት። የት እንደተቀበረ አላየችም። በቅሬ ደንብ አባወራ ቢሞትም ስሙ አይነሣም፤ ቤቱ የሚጠራው በእሱ ነው፣ ሚስት አቤት ትላለች። በእኛም እድር እንዲሁ ነው። ይህን ከማንም በላይ እኔ ማወቅ ነበረብኝ፤ ግን ጠዋት እዚያ ተቀምጬ በየስሙ አቤት ሲባል ሁሉም ባሎች መቃብር ሲቆፍሩ ነበር የታዩኝ።

ሌሎቹን ድንኳኖች ብጠይቅ ከረድፉ ብዙዎቹ እንደ ከድጃ ሆኑ። ካርዶቹ በሙታን ስም ሊጻፉ ነው፤ ነገ የመጋዘኑ ኃላፊ አህመድ እንድሪስን ይጠራል፣ አህመድ አይመጣም፣ ከድጃና ልጆቿ ወር ይጠብቃሉ። ሮጬ ለኃላፊው ነገርኩት።

"መኪናው ከመድረሱ በፊት አስተካክላችሁ ካመጣችሁልኝ እቀበላለሁ" አለ። "ከደረሰ በኋላ ግን ወረቀት አልቀይርም።"

በማግስቱ

ጭቃው አዘነልን። የእህሉ መኪና ጌዶ ዳገት ላይ ተይዟል የሚል ወሬ በጠዋት ደረሰ። እኔና ኦቦ ዲንሳ ረድፉን እንደ አዲስ ያዝን። ሌሎቹ ሴቶች ስማቸውን ሰጡን፤ ከድጃ ግን እምቢ አለች።

"እሱን ሰርዘው እኔን ሊያስገቡ?"

"እህሉን የምትወስጂው አንቺ ስለሆንሽ ነው።"

"እሱንስ የት አደረጋችሁት?"

ቅጹን አየሁት። የስም፣ የዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት ቦታ አለው። ለአህመድ የሚሆን ቦታ የለውም። ከድጃ ጥቁር ልብሴን ስትመለከት ቆየች።

"ከል ለብሰዋል። ማን ነው?"

"ባለቤቴ።"

"እንግዲያ እርስዎ ያውቁታል። መቃብሩን አላየሁ፣ አልቅሼ አልወጣልኝ። ያለኝ ይኸው ስሙ ሲጠራ አቤት ማለት ነው።"

አውቀዋለሁ። ስለማውቀውም እስክሪብቶው ከበደኝ። ልጆቿን አየሁ፣ ወረቀቱን አየሁ፤ የቱን ብይዝ የቱን እንደምለቅ ግራ ገባኝ። ኦቦ ዲንሳ አያ ሙሄን ይዘው መጡ። ሽማግሌው ቁጢጥ ብለው ተቀመጡ።

"ከድጃ፣ ቅሬው የኛ ነው" አሉ። "እሱ ውስጥ አህመድን የሚነካ የለም። እኔ እስካለሁ እጠራዋለሁ። ይሄ ወረቀት የእህል ነው፤ እህል ደግሞ የሚበላ ሰው ስም ይፈልጋል።"

"ሁለት ቦታ ልጠራ ነዋ" አለች ከድጃ።

"የእኔ ሚስት በአንዱም ቦታ ብጠራት አትመጣም" አሉ ኦቦ ዲንሳ። ከድጃ ሳትፈልግ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ልጆቿ መልሳ "ይጻፉት" አለችኝ። አህመድ እንድሪስ በሚለው ላይ መስመር ማስመር አቃተኝ። አዲስ ቅጽ አወጣሁና ስሟን ጻፍኩ፤ አሮጌውን አጥፌ ሰጠኋት። ማንበብ አትችልም፤ ተቀብላ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

መኪናው ከቀትር በኋላ ደረሰ። ኃላፊው በርሜል ላይ ቆሞ እየጠራ ሰው እየቀረበ ይወስድ ጀመር። "ከድጃ ይመር" አለ። ዝም። ደግሞ ጠራ። ዝም። ካርዱን ወደ ጎን ሊያደርግ ነው፤ ከድጃ ፊት ለፊቱ ቆማ እንደ ሌላው ሰው ዙሪያዋን ትመለከታለች። ከኋላዋ ያለችው ሴት በክርኗ ነካቻት።

"አንቺ ነሽ እኮ፣ ሂጂ እንጂ።"

ከድጃ አፏን በእጇ ይዛ ቀረበች። በቆሎውን ተሸክማ በአጠገቤ ስታልፍ "በስሜ የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ነበረች" አለችኝና ሄደች።

መመለስ

በመመለሻው መንገድ ዝናብ አልነበረም። ኦቦ ዲንሳ ጉደር ላይ ድንች ገዝተው አምቦ እስክንገባ ተኙ። ሰዎች ጥሩ ሥራ ሠርታችሁ መጣችሁ አሉን። እውነት ነው፤ ያ ረድፍ በልቷል። ከጉዞው የተማርኩት ምን እንደሆነ ግን ለመጻፍ ስቀመጥ እየተምታታብኝ ይኸው ሳምንታት አለፉ። ሰውን በትክክል ለመርዳት በትክክል መጻፍ ያስፈልጋል፤ ይህን አምናለሁ። ከድጃ "እሱንስ የት አደረጋችሁት?" ብላ የጠየቀችኝን ግን እስካሁን አልመለስኩላትም።

በተመለስኩ በመጀመሪያው እሑድ የእድራችን ስብሰባ ነበር። የእኛ ቤት እስከ ዛሬ የሚጠራው በባለቤቴ ስም ነው። እጃጂ ላይ ሌላውን አሳምኜ መምጣቴን እያሰብኩ፣ ስሜ ይግባልኝ ብዬ ለመናገር ወስኜ ሄድኩ። እኔ ወር የምጠብቀው እህል የለኝም፤ ቢሆንም ትክክሉ እሱ መሰለኝ። ጸሐፊው ከላይ ጀምሮ ጠራ።

"መስፍን ደበላ" አለ።

"አቤት" አልኩ።