የዕድሩ ጠረጴዛ

ቡራዩ ቤት ተከራይተን በገባን በዓመቱ የሰፈሩ ዕድር ለአዳራሽ ማሠሪያ ባዛር አዘጋጀ። አንዱ ከቤቱ የተረፈውን ዕቃ ይለግሳል፣ ሌላው ይገዛል። እኔና ባለቤቴ የምግብ ጠረጴዛ ስላልነበረን አንድ ቡናማ ጠረጴዛ ገዛን። ቀለሙ ገና በደንብ አልደረቀም፤ እኔ ግን ይህን የጥራት ምልክት አድርጌ ወሰድኩት።

በመጀመሪያው እሑድ የባለቤቴ ወንድም ምሳ ተጋብዞ መጣ። ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ከማሳረፉ አንዱ እግር ታጠፈና ፓስታው ከነሳህኑ ተንሸራቶ ጭኑ ላይ ዐረፈ። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ እግሩ ከዚህ ቀደም ተሰብሮ በኮላ ተጣብቋል፤ ስብራቱም በቀለም ተሸፍኗል።

እኔ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ባለቤቴ ለወንድሟ የእኔን ሱሪ እየፈለገች፣ "ለተማሪዎችህ የምታስተምረውን የሸማች መብት እስቲ ለራስህ አስከብር" አለችኝ።

በማግስቱ የዕድሩ ሊቀመንበር ዘንድ ሄድኩ። ጡረታ የወጡ፣ ሁላችንም ኦቦ እያልን የምናከብራቸው ሽማግሌ ናቸው።

"አካም ጅርታ፣ መምህር?"

"ደኅና ነኝ ኦቦ። ጠረጴዛው ግን ጉድለት አለበት። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል፤ ሕግ ነው።"

"እሱ ለነጋዴ ነው። እኛ ነጋዴ ነን?"

"ሸጣችሁልኛል እኮ።"

"አልሸጥንልህም። አንተ ለአዳራሹ አዋጣህ፤ እኛ በምስጋና ጠረጴዛ ሰጠንህ።"

"መሰበሩን ያውቁ ነበር?"

"ባናውቅ ቀለም እንቀባው ነበር?" አሉ ቅር ብሏቸው።

ከዚያ መፍትሔ አመጡ፤ ጠረጴዛውን መልሼ ለዕድሩ ብለግስ ስሜ በስብሰባ ይነበባል። ተስማማሁ። ስሜ ተነበበ፣ ተጨበጨበልኝም። ለባለቤቴ ስነግራት፣ ወንድሟም አጨብጭቦ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ዕድሩ ሌላ ባዛር ባዘጋጀ በሳምንቱ፣ ሻይ ቤት ያላቸው አንዲት ሴት ያንኑ ጠረጴዛ በጋሪ አስጭነው በራችን ላይ ቆሙ። እግሩ እንደገና ታጥፏል።

"ከባዛሩ ገዝቼው ነው። የለገሱት እርስዎ ነዎት አሉኝ።"

"አዎ፣ ግን የሸጠው ዕድሩ ነው" አልኳቸው።

"ዕድሩማ በምስጋና ሰጠንሽ እንጂ አልሸጥንልሽም ብሎኛል። እግሩ መሰበሩን ያውቁ ነበር?"

እግሩን አዲስ እንዳየ ሰው ጎንበስ ብዬ መረመርኩ።

"ጉድለቱን እያወቀ የደበቀ ሰው ይጠየቃል ትለኛለች ልጄ። ይህን ከየት አመጣሽው ብላት፣ እርስዎ ክፍል ውስጥ እንዳስተማሯት ነገረችኝ።"

ባለቤቴ ከውስጥ ስትስቅ ይሰማኛል። ሃያ ዓመት ሳስተምር የትምህርቴን ፍሬ በጋሪ ተጭኖ አየዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አፍሬ ጋሪውን ተከትዬ አምቦ መንገድ ዳር ወዳለ አናጺ ሄድኩና አዲስ እግር አስገጠምኩ፤ ሂሳቡንም ከፈልኩ። ሴትዮዋ አላመሰገኑኝም፤ መብታቸው ነበርና።

ሊቀመንበሩ ወሬውን ሰሙ። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥተው፣ ከእንግዲህ ከዕድሩ ባዛር የሚወጣ ዕቃ ሁሉ ዋስትና እንዳለው፣ የተበላሸበትም ሰው መምህሩ ቤት እንዲወስደው አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዎች መጥተዋል፤ አንደኛው አልጋ ይዞ።