ቼልሲ ድረስ ያስኬደኝ ፊርማ

ከጠዋቱ 12፡20፣ ሰቨን ሲስተርስ፣ ለንደን

የመስከረም ጎህ ሲቀድ ከልጄ ከሶስና ጋር ከቤት ወጣን። ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም፤ መንገዱ ላይ የሚሸተው የዳቦ ቤቱ ትኩስ ዳቦ ብቻ ነው። ሶስና ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የእንግሊዝ ጦር ውስጥ የሕክምና ረዳት ልሁን ብላለች። ዕድሜዋ ስላልሞላ የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋታል። እናቷ «አባትሽን ጠይቂ» ብላ ተገላግላለች።

«አባዬ፣ መጀመሪያ ሄደን ጦሩን እንይ፤ ከዚያ እምቢ በል» ስላለችኝ ይኸው ዛሬ ቱሪስት ሆኛለሁ።

1፡15፣ ሃይድ ፓርክ

ወታደሮች በጥቋቁር ፈረሶች ላይ ተቀምጠው በሁለት ረድፍ ያልፋሉ። አንዱ ፈረስ መሀል መንገድ ላይ ፋንድያውን ጥሎ ሄደ።

«ሥራው ይሄ ነው?» አልኳት።

«ኖ፣ ይሄ ሴሬሞኒ ነው። እኔ ሜዲክ ነው አፕላይ የማደርገው።»

ሁለት ሻይ ስድስት ፓውንድ። እሱም አልተዋጠልኝም።

4፡05፣ ቼልሲ

የጦሩ ሙዚየም መግቢያው በነፃ ነው። ቀይ ኮት፣ ከበሮ፣ የሰው አገር ሲወርሩ የማረኩት ባንዲራ። እልፍ ሲሉ ደግሞ የዛሬዎቹ ፎቶ አለ፦ ለጎርፍ አሸዋ በጆንያ የሚደረድሩ፣ በወረርሽኙ ጊዜ የሆስፒታል አልጋ የሚዘረጉ፣ ሰማያዊ ቆብ አድርገው ሰላም የሚያስከብሩ። ሶስና እዚያ ጋ ቆማ ቀረች።

አስጎብኚያችን ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። «ድሮ ወጣቱ በግዴታ ይጠራ ነበር፤ አሁን ግን ሁሉም በፈቃዱ ነው» አለን።

«በምን ነበር የሚጠራው?» አልኩት።

«በፖስታ፣ በደብዳቤ።»

ሳቄ መጣ። እኔ በብሔራዊ ውትድርና ጊዜ፣ ልክ በሶስና ዕድሜ፣ ኳስ ተጫውቼ ስመለስ ታፍሼ ነው ጭነት መኪና ላይ የተጫንኩት። እናቴ አራት ወር ሙሉ ከካምፕ ካምፕ ስትፈልገኝ ዞረች። ይህን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም፤ እዚያው ቆሜ ነገርኳት። ክንዴን ያዘች።

ሰውየውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። «ልጄ ብትገባ የት እንዳለች አውቃለሁ?»

«ሥልጠና ላይ እያለች ያውቃሉ፤ ትደውላለች። ዐሥራ ስምንት ሳይሞላት ሐሳቧን ብትለውጥም መውጣት ትችላለች። በኋላ ግን የምትላክበት ቦታ ሁሉ አይነገርም፤ አልዋሽዎትም።»

ስላልዋሸኝ ወደድኩት። ፍርሃቴ ግን አልቀነሰም።

7፡40፣ ወደ ቤት

ባቡሩ ውስጥ ሶስና ፎርሙን ከቦርሳዋ አወጣች።

«አባዬ፣ እምቢ ካልክ አሁን እቀደዋለሁ። ሲርየስሊ። አልቀየምህም።»

አየኋት። የምትቀድ ልጅ ናት። እስክሪብቶዋን ተቀብዬ ቦርሳዋ ላይ አስደግፌ ፈረምኩ። ፊርማዬ ተንጋደደ፤ ዕንባዬም አመለጠኝ።

«ካልፈለግህ ለምን ፈረምክ?» አለች ደንግጣ።

«ስለጠየቅሽኝ ነው» አልኳት። «እናቴን የጠየቃት አልነበረም።»