የፍትዊ ፍንጭት

ሉዋም ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ከተወች ቆይታለች። «ካርቱን ነው አይደል?» ይሏታል፤ «አዎ» ብላ ትገላገላለች። ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ በላይ በተከራየናት ጠባብ ክፍል ጠረጴዛ ስለምንጋራ እኔ ግን አውቃለሁ። ከሲቲ ስካን ለሕክምና ተማሪዎች የሚንቀሳቀስ ምስል ትሠራለች። መሣሪያው ሰውን እንደ ዳቦ በስሱ ቆራርጦ ያነሳል፤ እሷ ቁርጥራጮቹን መልሳ ትደረድርና ሙሉ አካል ታወጣለች። ቆዳውን ስታሳሳው ሥጋው ይታያል፣ ሥጋውን ስታሳሳው አጥንቱ። ይህን ሁሉ ስታደርግ ሻይዋን ትጠጣለች። ልቧ ደንዳና ይመስለኝ ነበር።

ወንድሟ ፍትዊ አምስት ኪሎ አካባቢ ከሚሠራ ሕንፃ ላይ ወድቆ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ሆስፒታል ጭንቅላቱን ያነሱበት ሲዲ እሷ ጋ ቀረ። ለእናቷ ለእትዬ ምብራት ግን መውደቁን የነገራቸው የለም። ዘመድ ተመካክሮ «ደም ግፊት ነው፣ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ፣ አልነቃም» አላቸው። አስከሬኑንም አላዩም። ስናዝን የምንዋሸው ነገር ያኔም አናዶኝ ነበር።

ከአርባው በኋላ እትዬ ምብራት ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው መጡ። ፍትዊ ፎቶ ሲነሳ አፉን ግጥም ስለሚያደርግ፣ ያ የሚኮሩበት ፍንጭቱ አንድም ፎቶ ላይ የለም።

«ሆስፒታሉ አንስቶት የለ? ጥርሱን አሳዪኝ በቃ» አሏት።

«እማዬ፣ እሱ ለሐኪም ነው።»

«እኔ ወልጄው የለ እንዴ?»

ሉዋም ከፈተችው። መጀመሪያ ፊቱ መጣ፤ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ ስካን ፀጉር ስለማያወጣ የተላጨ መስሎ። «ዋይ ወደይ፣ ልጄን» አሉ እናቱ። ጥርሱ እንዲታይ ቆዳው መሳሳት ነበረበት፤ ስብራቱ ደግሞ እዚያው አጥንቱ ላይ ነው። ሉዋም መላ አላጣችም፤ አፉን ብቻ አቅርባ ስክሪኑን ሞላችውና ከዚያ ቆዳውን አሳሳች። ፍንጭቱ ወጣ። እትዬ ምብራት ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ተመስገን፣ አለፈ ብዬ ተነፈስኩ።

ሉዋም እንባዋን ልትጠርግ ማውሱን ለቀቀች። እትዬ ምብራት ግን ጣቷን ሲከታተሉ ነበር የቆዩት። ሙሉ ፊቱን ማየት አምሯቸው የማውሱን ጎማ ራሳቸው አንከባለሉት። ምስሉ ራቀ። ሙሉ የራስ ቅል ነው፤ ከግንባሩ እስከ ጆሮው ተሰንጥቋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ሉዋም እጇን ወደ ማውሱ ሰደደች፤ እትዬ ምብራት ያዟት።

«ወድቆ ነው?»

«አዎ፣ እማዬ» አለች ሉዋም።

ይጮኻሉ ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። አልጮኹም። ስንጥቁን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«ቆዳውን መልሺለት» አሉ። «አልብሺው። እንዲህ ሆኖ ሰው አይየው።»

ሉዋም ቆዳውን መለሰችለት። ያን ጊዜ እትዬ ምብራት ደረታቸውን እየመቱ፣ የወደቀውን ልጃቸውን እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመሩ።