እኔን ይጠብቅ የነበረው ጨዋታ

በኮተቤ መንገድ ዳር ያለው ቤቴ ወደ ጎዳናው የሚከፈት አንድ ክፍል አለው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ክፍሉ የመጻሕፍታችን ማስቀመጫ ነበር። እርሷ ካረፈች በኋላ መጻሕፍቱን ወደ ውስጥ አስገብቼ የቪዲዮ ካሴት ለምታከራይ አንዲት ወጣት ሴት ሰጠሁት። የካሴት ሥራ ሲቀዘቅዝ ሴትዮዋ ካሴቶቹን አንሥታ ሁለት ቴሌቪዥንና ሁለት የጨዋታ ማሽን አስገባች፤ ሰፈሩም ክፍሉን ጌም ቤት ይለው ጀመር። ዓመተ ምሕረቱን ለመናገር አልደፍርም። መብራት በፈረቃ እናገኝ በነበረበት ወቅት መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ የምተርከው ነገር ግማሹ ያለ መብራት መጥፋት ባልሆነ ነበርና።

ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ መምህራንን ሳሠለጥን ስለኖርሁ፣ ድምፄ ሰሚ አጥቶ አያውቅም። ልጄ በሥራዋ ምክንያት ሐዋሳ ትኖራለች፤ እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች። ከአንዱ እሑድ እስከሚቀጥለው ድረስ የምናገረው ቢጠራቀም፣ ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ ቆሜ ከምለው «ሁለት ስጠኝ» ብዙ የሚያልፍ አልነበረም። አንዳንድ ቀን ያቺኑ ለማለት አፌን ስከፍት ድምፄ ሻክሮ ይወጣና ባለ ዳቦ ቤቱ ጉንፋን የያዘኝ ይመስለው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ በሬን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንግሊዝኛ የሚያነብልን ቸግሮን ነው።»

ተከትያት ገባሁ። በአንደኛው ቴሌቪዥን እንደ ወትሮው ኳስ ይጫወታሉ። በሁለተኛው ፊት ሁለት ወጣቶች ተፋጠው ተቀምጠዋል። አንደኛው በሰፈራችን ኮሌጅ ሒሳብ የሚማር፣ ቀጭን፣ መነጽር የሚያደርግ ልጅ ነው። ሌላው ግንበኛ ነው፤ ወላጆቹ ከእንጦጦ ግርጌ አርሰው ይኖሩ የነበሩ፣ መሬቱ ከተማ ሲሆን ከተሜ የሆኑ ናቸው። ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ሲናደድ ደግሞ ከማሽኑ ጋር በኦሮምኛ ይነጋገራል። የሚጫወቱት አር ፒ ጂ የሚሉትን ዓይነት ነበር። ተጫዋቹ በታሪኩ ውስጥ አንዱን ሰው ሆኖ ይጓዛል፣ ያገኘውን ሰው ያነጋግራል፣ የሚመልሰውን ቃል ራሱ ይመርጣል፣ ቀስ በቀስም ይበረታል። ችግሩ ታሪኩ በጥንታዊ እንግሊዝኛ የተጻፈ መሆኑ ነው። ተማሪው ቃላቱን ያውቃቸዋል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን አልተፈታለትም።

መነጽሬን አድርጌ አነበብሁላቸው፤ ከዚያም ተረጎምሁላቸው። አራት መንገደኞች አንዲት አሮጊት መድኃኒተኛን በተራራ ላይ ወዳለ ምንጭ ያደርሳሉ። አሮጊቷ መንገዱን ረስታዋለች፤ እነርሱ ደግሞ መርሳቷን አያውቁም።

ከመንገደኞቹ አንዱ የሆነው ሰይፈኛ ወጣት አሮጊቷን ሲያነጋግር «እርስዎ» አስባልሁት።

«ስንት ሰው ገድሎ የመጣ ነው፤ ምን እርስዎ ይላል ጋሼ?» አለ ግንበኛው።

«እናቱ ትሆናለች እኮ» አለች ሴትዮዋ ከበሩ።

«እሺ፣ እርስዎ ይበል። ግን ሲመታ እንዳያፍር።»

በማግሥቱ ስሄድ በሁለቱ መካከል አንድ ወንበር ተቀምጦ ጠበቀኝ። በዚያ ወቅት የነበረኝን ሁሉ ብቆጥር ከዚያ ወንበር የሚበልጥ አላገኝም።

ጨዋታው ትዕግሥተኛ ነበር። ጽሑፉ በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ከወጣ በኋላ አንድ ሰው የመጫወቻውን እጀታ፣ ጆይስቲኩን፣ እስኪነካ ድረስ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ መነጽሬን እስክወለውል፣ ቃሉን እስክመዝን ይቆያል። ጦርነቱም ቢሆን ተራ በተራ ነው፤ አንዱ መትቶ ይቆማል፣ ሌላው አስቦ ይመልሳል። በባልደረቦቼ ጉባኤ እንኳ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያየሁ አይመስለኝም።

ይህ ሥርዓት ነበር ሁለቱን ወጣቶች የሚያጣላቸው።

«ጠላት ተራ ጠብቆ ይመታል እንዴ?» ይላል ግንበኛው። «ሰይፉን መዝዞ ቆሞ፣ 'በል አንተ ጀምር' ይለኛል? ይሄ እኮ ጦርነት ሳይሆን ቀበሌ ነው። ወደፊት የሚሠሩት ሁሉ በቀጥታ የሚመታበት መሆን አለበት።»

«ማሰቢያ ጊዜ ነው የሚሰጥህ» ይላል ተማሪው። «የምታስብ ከሆነ ማለቴ ነው።»

«እኔ እጅ አለኝ ወንድሜ። አንተ ፈተና ላይ ነህ እንዴ?»

«እጅ ብቻ ከሆነ ያለህ ኳሱ እዚያ ጋ አለልህ። አር ፒ ጂን ተወው።»

ተማሪው ኢንተርኔት ቤት እየሄደ የውጭ አገር ተጫዋቾች በዚሁ ጉዳይ የሚጻጻፉትን ያነብና ይዞልን ይመጣ ነበር። ጭቅጭቁ ቃል በቃል የእኛው መሆኑ አስደንቆታል። ተራው ይቅር የሚሉ አሉ፤ ተራው ከቀረ ስሙም ይቀየር የሚሉ አሉ። ንግግሩ ይጠር፣ ሰዎቹም በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ይናገሩ የሚሉ ደግሞ በርከት ይላሉ።

«ፈረንጆቹም እንደኛ ተጣልተዋል» አለን።

«መብራት ሳይጠፋባቸው ምን ያጣላቸዋል?» አለ ግንበኛው።

ይህ ቀልድ መነሻ ነበረው። መብራት ሲሄድ እንዳይጠፋ የደረስንበትን ማስቀመጥ የሚቻለው በመንገዱ ላይ አልፎ አልፎ በሚገኙ የድንጋይ ዓምዶች ዘንድ ብቻ ነበር። ግንበኛው ጨዋታውን የሠራው ሰው ኮተቤ ኖሮ እንደማያውቅ ይናገር ነበር፤ ሰው በፈለገበት ቦታ ማስቀመጥ መቻል አለበት ባይ ነው። ተማሪው አይስማማም፤ የሚጠፋ ነገር ከሌለ ምርጫህ ክብደት አይኖረውም ይላል። አንድ ቀን ይህንኑ ሲያስረዳ መብራት ሄደ። ዓምዱ ጋ ለመድረስ ጥቂት ነበር የቀረን።

«በል አሁን ክብደቱን ቅመሰው» አለው ግንበኛው።

መብራት ሲሄድ ከደጃፉ ወጥተን እንቀመጣለን። ከዚያ ሆኖ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታያል፤ ከሰዓት በኋላ ላይ ጥላው ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳል። ግንበኛው አንድ ጊዜ በጣቱ ወደ ተራራው ግርጌ እያሳየ፣ አባቱ ያርስበት የነበረው መሬት ላይ አሁን ባለ ሦስት ፎቅ ቤት እየገነባ መሆኑን ነገረን። ከዚያም ወዲያው ወደ ጭቅጭቁ ተመለሰ። እኔ የሚሉትን እሰማለሁ፤ አንዳንድ ጊዜም ይጠይቁኛል። ሁለቱም ወገን ያለውን እውነት ለይቼ እናገራለሁ፤ ይህ የረጅም ዘመን ልማዴ ነው። በብዙ ስብሰባ ተቀምጬ አልፌያለሁ፤ ሰው በተናገረው ሲያዝ እንጂ በመዘነው ሲያዝ አላየሁም።

የጠፋውን መንገድ መድገም ግድ ስለነበር፣ ያነበብሁትን ደግሜ አነባለሁ። እዚህ ላይ ስለ ማስታወስ ችሎታዬ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ገባኝ። ጽሑፉን ስለማውቀው ከመውጣቱ በፊት በቃሌ ልለው ስጀምር ተማሪው ያርመኛል። «ባለፈው እንደዚህ አላሉም ጋሼ። 'ውኃው ያውቀኛል' ነበር ያሉት።» ጽሑፉ ሲወጣ እርሱ ልክ ሆኖ አገኘሁት። በሌላ ቀን ደግሞ በሌላ ቃል ተከራከርንና ልክ የሆንሁት እኔ ነበርሁ። የሚዳኘን ጽሑፍ በፊታችን ስለነበር ሁለታችንም ስቀን አለፍነው።

ከዚያ ሴትዮዋ አዲስ ማሽን የማምጣት ዕድል አገኘች። አሮጌዎቹን በለውጥ ካልሰጠች ግን አይሆንላትም፤ አሮጌው ጨዋታ ደግሞ በአዲሱ ማሽን አይሠራም። ሲግናል አካባቢ አንድ የምታውቀው ሰው አዲሱን አስገብቶ ስለነበር፣ እንድናየው አራታችንም አብረን ሄድን። ግንበኛው ተቀምጦ ጀመረ። ጦርነቱ ያለ ተራ ነው፤ ሰዎቹ በድምፅ ይናገራሉ፣ እየሮጡ ይናገራሉ። እንደ ልማዴ ልተረጉም ጀመርሁ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ስመልስ አራተኛው አልፏል። ደግሜ ሞከርሁ። ግንበኛው ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሣ በግራ እጁ ጉልበቴን ነካ አደረገኝ።

«ይተውት ጋሼ፣ አይልፉ። ገብቶናል።»

ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር።

በተመለስን ማግሥት ሴትዮዋ ሁሉንም ሰብስባ ጠየቀች። ኳስ ተጫዋቾቹ ለአዲሱ ሆኑ፤ እነርሱን ግን ወገን ናቸው ብላ አልቆጠረቻቸውም። ግንበኛው አዲሱን፣ ተማሪው አሮጌውን አለ።

«ታሪኩን ሳንጨርስ?» አለ ተማሪው። «ምንጩ ጋ ለመድረስ እኮ ትንሽ ነው የቀረን።»

«አንተ በየዓምዱ እየቆምህ መቼ ትደርሳለህ?»

«በቃ፣ ጋሼ ይፍረዱ» አለች ሴትዮዋ። «እርስዎ አይጫወቱም፤ አያዳሉም።»

እኔ የማላዳላ ሆኜ በተመረጥሁበት በዚያ ጉዳይ፣ በክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ የሚያጣው የበዛ ሰው እኔ ነበርሁ። «አሮጌው ይቆይ» ብል ወንበሩ ይቆይልኛል። የተናገርሁትን እንደማስታውሰው ልጻፍ። ተነሥቼ ረዘም አድርጌ ተናገርሁ። ተራ መጠበቅ ያለውን ጥቅም ገለጽሁ፤ ዘመኑ የሚያመጣውንም መግፋት እንደማይገባ ገለጽሁ። ሁለቱም ወገን ምክንያት እንዳለው፣ ውሳኔው የባለ ሥራዋ እንደሆነ ተናግሬ ተቀመጥሁ። ሴትዮዋ ጥቂት አሰበችና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ» አለች። በሳምንቱ አዲሱ ማሽን ገባ። እንግዲህ እኔ እንደማስታውሰው አልፈረድሁም።

ወንበሩ ጥቂት ጊዜ በቦታው ቆየ። ስገባ ሁሉም ይነሡልኛል፣ «ይቀመጡ ጋሼ» ይላሉ፤ ከዚያ ፊታቸው ወደ መስኮቱ ይመለሳል። አንድ ቀን ጃኬቶች ተቆልለውበት አገኘሁት። ሊያነሡልኝ ተሻሙ፤ እኔ ግን ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው አልሁና ወጣሁ። ከዚያ በኋላ መግባቱን ተውሁ። ተማሪው ተመርቆ ክፍለ ሀገር ተመደበ፤ ግንበኛው ሥራ ወዳለበት ሄደ። ሴትዮዋም አግብታ ሰፈር ስትለቅ ክፍሉን የውበት ሳሎን ተከራየው።

ዓመታት አለፉ። ኮንዶሚኒየሞቹ ተሠርተው ሰው ወደ የካ አባዶ መግባት ከጀመረ በኋላ፣ አንድ ቀን ከመገናኛ ሚኒባስ ተሳፍሬ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ አተኩሮ አየኝ።

«ጋሼ፣ ረሱኝ አይደል?»

ድምፁን ነው ያወቅሁት። ተማሪው ነበር፤ አሁን የሒሳብ መምህር፣ የሁለት ልጆች አባት፣ የየካ አባዶ ነዋሪ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሜ የጠየቅሁት፣ አሮጊቷ ከምንጩ ደርሳ እንደሆነ ነው።

ሳቀ። «እኔም አልጨረስሁትም። በኮምፒውተር አገኘሁትና ጀመርሁት፤ ግን ዝም ብሎ ማንበብ አልሆነልኝም።»

«ጭቅጭቁስ በማን አሸናፊነት አለቀ?»

«አላለቀም ጋሼ። አሁን አንዳንዶቹ ሁለቱንም አድርገውታል። ከፈለጉ ተራ በተራ፣ ከፈለጉ በቀጥታ፤ መጀመሪያ ላይ ይመርጣሉ።» ከዚያ ጨመረ። «እኔ እኮ ያኔ ተቀይሜዎት ነበር። የፈረዱብኝ እርስዎ ነበሩ።»

«እኔ አልፈረድሁም።»

«ፈርደዋል እንጂ። ብዙ ከተናገሩ በኋላ፣ ሊቀመጡ ሲሉ፣ 'ጨዋታው እኔን መጠበቅ የለበትም' አሉ። ከዚያ ነው እርሷ የወሰነችው። ቤት ስደርስ ሁሉ ከጆሮዬ አልወጣም።»

እንዲህ ያለ ቃል መናገሬን አላስታውስም፤ ይህንኑም ነገርሁት። እርሱ ግን ራሱን በእርግጠኝነት ነቀነቀ። እዚህ ግን እንደ ጌም ቤቱ በመካከላችን ወጥቶ የሚዳኘን ጽሑፍ አልነበረም። ረዳቱ «ኮተቤ ወራጅ አለ?» ሲል ተነሣሁ። መምህሩ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ መንገድ ለቀቀልኝና «አንድ ቅዳሜ ይምጡና ያንብቡልኝ፣ ልጆቼም ይስሙ» አለኝ። ብሎኩን ነገረኝ። በሩ ተዘጋ፤ ሚኒባሱ ሲሄድ የብሎኩን ቁጥር በውስጤ እደግመው ነበር። ከደጄ ስደርስ በሁለት ቁጥሮች መካከል እርግጠኛ አልነበርሁም።

ቃሉ ግን አልጠፋኝም። ብዬው ከሆነ፣ ያን ወንበር በገዛ እጄ ለቅቄያለሁ ማለት ነው፤ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ሳልመዝን ተናግሬያለሁ ማለትም ነው። ካላልሁት ደግሞ፣ ከእኔ የተሻለ አንድ ሽማግሌ በመምህሩ ጆሮ ውስጥ ይኖራል። የትኛው ቢሆን እንደምመርጥ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በዚያ ምሽት ሳሎኔ ውስጥ ቆሜ፣ ከግድግዳው ወዲያ የውበት ሳሎኑ የፀጉር ማድረቂያ እየጮኸ፣ ቃሉን ድምፅ አውጥቼ ሞከርሁት። «ጨዋታው እኔን መጠበቅ የለበትም።» ከእኔ የወጣ መሆኑን በድምፄ ለመለየት ፈልጌ ነው። ደገምሁት። ሁለቱንም ጊዜ የወጣው ለእነርሱ አነብበት የነበረው ድምፅ ነው፤ ቀስ ያለ፣ በየቃሉ መጨረሻ ላይ ጥቂት የሚቆይ፣ አንድ ሰው ጆይስቲኩን እስኪነካ የሚጠብቅ።