ሥዕሉ እስኪደርቅ

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ። እትዬ ዘርፌ አልሞቱም።

ሰፈር ውስጥ እስካሁን የሚጠይቀኝ ሰው ስላለ ከዚህ ልጀምር ብዬ ነው።

በውሃ ቀለም መሳል ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ቤታችን ቂርቆስ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ሦስት ልጆች፣ አንድ ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ጠዋት የቁርስ ነው፣ ቀጥሎ የቤት ሥራ፣ ከዚያ የካውያ። ለእኔ በመሃል ግማሽ ሰዓት ትተርፈኛለች። ያገኘሁትን እስላለሁ... ጀሪካን፣ የልጆች ጫማ፣ ሽንኩርት። ትንሿ ልጄ አንድ ቀን ብሩሽ ያጠብኩበትን ውሃ ጭማቂ መስሏት ጠጥታዋለች። ባለቤቴ ሰናይት ደግሞ «ሽንኩርቱን ከምትስለው ብትልጠው» ትለኛለች።

እትዬ ዘርፌን ልሳላቸው ካሰብኩ ግን ቆይቻለሁ። ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ፤ በራችን ላይ ጎመንና ቃሪያ ይሸጣሉ። አጠገባቸው ከሰል የሚሸጡት እትዬ ሀዋ ናቸው። ሁለቱ ከተኳረፉ አራት ዓመት አልፏቸዋል። ጠባቸው በሩ አጠገብ ባለችው አንዲት ዛፍ ጥላ ነው... የእኔ ናት፣ የእኔ ናት። መልእክት የማመላልሰው እኔ ነኝ። «ጆንያዋን ታንሳ በላት።» «እሷ እግሯን ትሰብስብ በላት።»

ባለፈው ሳምንት እትዬ ዘርፌ ጠበል ሄደው ቦታቸው ሦስት ቀን ባዶ ነበር። «ሳለኝ፣ ጥርሴን ግን እንዳታሳይ» ብለው ፈቅደውልኝ ስለነበር ቅዳሜ ጠዋት ከስልኬ ፎቶ እያየሁ ሳልኳቸው። ወረቀቱ ሲረጥብ እንዳይጨማደድ ዙሪያውን ጣውላ ላይ መለጠፍ አለበት። ፕላስተር አልነበረኝም። የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚጠቀለልበት ጥቁር ናስትሮ ለጠፍኩት።

ቤት ውስጥ ማድረቂያ ቦታ የለም። ግቢው ውስጥ ግን በማግሥቱ ክርስትና ያለባቸው ተከራዮች ከዕድር የተዋሱት ድንኳን ተተክሏል፣ አግዳሚውም ተደርድሯል። እነሱ ለገበያ ወደ ባምቢስ ወጥተዋል። ድንኳኑ ጥላ ነው፣ አቧራ የለውም። ሥዕሉን አንድ ወንበር ላይ አስደግፌ ምሳዬን ልበላ ገባሁ።

ድንኳን... ወንበር ላይ የሴትዮዋ ምስል... ዙሪያው ጥቁር። እኔ የማስበው የጎመኑ አረንጓዴ በዝቶ እንደሆነ ነበር።

ሁለተኛውን ጉርሻ ሳልውጥ ጩኸት ሰማሁ። እትዬ ሀዋ ናቸው። ከሰል ሊያመጡ ሄደው ገና መመለሳቸው ነው። «ዘርፌ! ዘርፍዬ! ያቺ ጥላ ለሁለታችንም ትበቃ ነበር እኮ! ምነው ሳልልሽ!» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ።

ስወጣ ሰባት ሰው ተቀምጧል። እኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት ገብቶ «ማን ሞተ?» የሚል የለም። መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ ይቀመጣል፣ ከዚያ አጠገብ ያለው ሰው ቀስ ተብሎ ይጠየቃል። እሱም ካላወቀ ይገምታል።

«ምን አገኛቸው?»

«ስኳር ነው አሉ።»

«ጠበሉ ቦታ ነው ያረፉት?»

«እዚያው። ሌሊት ላይ።»

«አልሞቱም!» አልኩ። «ይሄ ሥዕል ነው! እየደረቀ ነው!»

ጡረተኛው ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ተነስተው ትከሻዬን ያዙኝ። «አይዞህ ልጄ። እኔም ወንድሜ የሞተ ጊዜ አልሞተም ብዬ ነበር። ቁጭ በል።»

ሥዕሉን ላነሳ ስል ደግሞ «ተዋት፣ ሰው ይያት!» ብለው ከለከሉኝ። ሰናይት ብቅ ብላ አየችኝ፣ ሥዕሉን አየች፣ ሰዉን አየች። «እስክታስረዳቸው ድረስ በል ሻይ አድል፣ ሰው ደረቁን አይቀመጥም» ብላ ትሪ አስያዘችኝ።

ይሄኔ እትዬ ዘርፌ በበሩ ገቡ።

ቢጫ ጀሪካን ጠበል ይዘዋል። ድንኳኑን አዩ። ጀሪካኑን አስቀመጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «እኔን! እኔን!» እያሉ መጡና እትዬ ሀዋ አጠገብ ባገኙት ክፍት ቦታ ተቀመጡ። ፊታቸውን ሸፍነዋል። እኔ ትሪውን ይዤ ወደ እሳቸው ለመድረስ በሰዉ መሃል መሹለክ ጀመርኩ።

ትንሽ አልቅሰው ሲያበቁ ቀስ ብለው «ማን ነው?» አሉ።

እትዬ ሀዋ እንዳቀረቀሩ «ዘርፌ» አሉ።

«የትኛዋ ዘርፌ?»

«ጎመኗ።»

እትዬ ሀዋ ቀና አሉ። «ቢስሚላሂ!» ሲሉ አግዳሚው ከነተቀማጩ ወደ ኋላ ተገለበጠ።

ሰው ሁሉ ተነስቶ አቧራውን ሲያራግፍ እትዬ ዘርፌ ሥዕሉ ፊት ቆመው ነበር። «አንተ ተስፋዬ፣ አፍንጫዬን ምን አድርገኸው ነው?» አሉኝ። ከዚያ ዞረው የመጣውን ሰው አንድ በአንድ አዩት። እትዬ ሀዋ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«እሷም አልቅሳለች?»

«ከሁሉም በላይ» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ጥላውንም ሰጥታሻለች።»

«የሰጠሁት ለሞተች ነው!» አሉ እትዬ ሀዋ።

«በሕይወቴ ብትሰጪኝ ምን ነበረበት?»

«በሕይወትሽማ ክፉ ነሽ!»

ሰዉ ሳቀ። ሁለቱ አልሳቁም፤ ግን እየተያዩ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ያለ እኔ ሲነጋገሩ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ዛሬ ካልታረቁ መቼም አይታረቁም ብዬ አሰብኩ።

«ተስፋዬ ይመስክር» አሉ እትዬ ዘርፌ። «ምንድነው ያለችው?»

ከሰባቱ ብርጭቆ አራቱን አድያለሁ። የቀረውን እንደያዝኩ የሰማሁትን ተናገርኩ። «ለሁለታችንም ትበቃ ነበር ነው ያሉት። በቃ፣ ተካፈሏት።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«ማን ተካፈሉ በል አለህ?» አሉ... በአንድ ድምፅ።

ከአራት ዓመት ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር እኔ ነኝ። ትሪውን ከነሦስቱ ሻይ አግዳሚው ላይ አስቀምጬ በበሩ ወጣሁ።