ባለ አሥራ ሰባት ድንጋይ

ድሮ አሰላ ውስጥ ጋሽ ሣህሌን ሳያማክር የእጅ ሰዓት የገዛ ሰው፣ ጥርሷን ሳያይ በቅሎ እንደገዛ ይቆጠር ነበር። እሳቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ እንጂ ሰዓት ሠሪ አልነበሩም። ብቻ የሰዓት ፍቅር ለክፏቸው አሮጌውን ሁሉ በጥጥ ጠቅልለው ያስቀምጡ ነበር። አስተያየት ሲጠየቁ ሰዓቱን አስረው ይከርማሉ፤ እንጨት ይፈልጡበታል፣ በቅሎ ይጋልቡበታል። «ሰዓትና አማች አብረው ካልከረሙ አይታወቁም» ይሉ ነበር። ከዚያ ነውሩን አስቀድመው ደጉን ያስከትላሉ። ሻጮች ታዲያ ዓይናቸውን ለአፈር ይሏቸው ነበር!

በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምህረት የእህል ነጋዴው ሀሰኖ ሽማግሌ ልኮ ሰኪናን ለትዳር ጠየቀ። አባቷ ቱሳ የሲሬ ገበሬ ናቸው፤ ለሽማግሌዎቹ «አስብበታለሁ» ብለው ሸኟቸው። ልጁ ጨንቆት ለእሳቸው ከቡልኮ ጋር ሰዓት አዘጋጀ። ጋሽ ሣህሌም አስረውት ከርመው፣ «ደህና ነው፤ ባለ አሥራ ሰባት ድንጋይ ነው» አሉት።

ስጦታውን ያደረሰችው አክስቱ ፋጡ ይህንኑ በኦሮምኛ፣ በኩራት ተናገረች። ቱሳ ቱግ አሉ።

«ድንጋይ? ልጄን በድንጋይ ሊወስዳት ነው?» ብለው ሰዓቱንም ቡልኮውንም መለሱ።

ሀሰኖ እየሮጠ ጋሽ ሣህሌ ዘንድ ደረሰ። «ጋሼ፣ ጉድ ሠሩኝ! ሰኪናን ላጣት ነው!»

ሰውየው መቀሳቸውን አስቀመጡና በቅሏቸውን ጫኑ። ከሀሰኖ ጋር ሲሬ ደርሰው የተመለሰውን ሰዓት ጀርባ በካራ ጫፍ ከፈቱ። ጤፍ የሚያህሉ ቀያይ ድንጋዮች ብልጭ አሉ።

«ይኸውልዎት አቶ ቱሳ። ብረት ብረትን እንዳይበላው የሰዓቱ ጥርስ እነዚህ ላይ ይሽከረከራል።»

ቱሳ አጎንብሰው አዩና ፊታቸው ፈታ አለ። ሀሰኖ እፎይ ከማለቱ ጋሽ ሣህሌ ቀጠሉ፤ «ነውርም አለው።» ልጁ ኮታቸውን ጎተተ፤ ማን ሰምቶት! «ውሃ አይችልም። በየቀኑም ትንሽ ወደኋላ ይቀራል።»

ሀሰኖ በቃ አለቀልኝ አለ።

«ሽማግሌዎቹ ልጁን ማር ነው፣ ወተት ነው አሉኝ» አሉ ቱሳ በመጨረሻ። «እንከን የሌለው ሰው ደግሞ አላውቅም፤ ስለዚህ አላመንኳቸውም። አንተ የሰዓቱን ካልደበቅህ፣ እስቲ የልጁን ንገረኝ።»

«ይቸኩላል» አሉ ጋሽ ሣህሌ። «ሲናደድ አፉን አይችልም። ግን የአቦምሳ መንገድ ላይ አህያው ብትሞትበት፣ የሰው እህል ጥሎ አልመጣም፤ በጀርባው ተሸክሞ ገባ።»

ቱሳ ሰዓቱን አንስተው በሀሰኖ እጅ ላይ አሰሩት።

«ወደኋላ የሚቀረውን የሚቸኩል ይሰረው፤ ይስማማሉ። ቡልኮውን አምጣ። ልጄንም ውሰድ።»

ሀሰኖ ደጅ ሲወጡ የጋሽ ሣህሌን ጉልበት አቅፎ አለቀሰ። «ጋሼ፣ ነውሬን ስለተናገሩልኝ አላህ ይስጥልኝ!»

«ኧረ ቀስ በል!» አሉት እያነሱት። «ይኸው፣ ከአሁኑ ቸኮልህ።»